የዕድሩ መዝገብ ዌብሳይት ላይ ሲወጣ

ኮድ የተማሩ ልጆቻችን «ለዕድሩ ዌብሳይት ልሥራ» ሲሉ ደስ ይላል። የአባላቱ ስም፣ ስልክና መዋጮ ዳታቤዝ ውስጥ ሊገባ ነውና፣ ዌብሳይቱ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ቀድሞ መምረጥ ያስፈልጋል። የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ቋንቋ ራስ መጻፍ ነው። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አይቢኤም ውስጥ ተወልዶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ምን እንደታዘዘ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግን ሥራው ይበዛል። ሁለተኛው፣ ኤስኪውኤሉን በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት የሚገጣጥም «ኩዌሪ ቢልደር» ነው። ሦስተኛው «ኦአርኤም» ነው፤ እናንተ «አባላቱን አምጣ» የሚለውን በፓይተን ትጽፋላችሁ፣ ኤስኪውኤሉን እሱ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የወጣው ጃንጎ ከነኦአርኤሙ ነው የሚመጣው።

ለዕድር ዓይነት ሥራ እኔ ኦአርኤምን እመርጣለሁ፤ ኮዱ ያጥራል። ግን ዓይናችሁን አትንቀሉበት። 200 አባላትን ከነመዋጯቸው ስታሳዩ፣ አንዴ ስለ አባላቱ፣ ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ዳታቤዙን ሊጠይቅ ይችላል። 201 ጊዜ ማለት ነው! ጃንጎ ላይ «ፕሪፌች ሪሌትድ» የሚባለው ትእዛዝ ይህን ወደ 2 ያወርደዋል። ስለዚህ ልጆች፣ ኦአርኤሙ የሚጽፈውን ኤስኪውኤል ማንበብ ተማሩ። የዓመቱ ሒሳብ ከተወሳሰበም እሱን ብቻ በኤስኪውኤል ብትጽፉት ነውር የለውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን፣ ሰው ስም መፈለጊያው ላይ የጻፈውን ቃል ከኤስኪውኤሉ ጋር በቀጥታ አትቀጥሉት። ተንኮለኛ ሰው በስም ፋንታ የትእዛዝ ቁራጭ ቢጽፍ፣ የሁሉም አባላት ስልክ ሊወጣለት፣ ባስ ሲልም መዝገቡ ሊሰረዝ ይችላል። መፍትሔው ቃሉን ለብቻው፣ በ«ፓራሜትር» መላክ ነው። ኦአርኤም በተለመደው አጠቃቀሙ ይህን ራሱ ያደርጋል።

ወላጆች፣ ኮድ ባታውቁም ይህችን ጠይቁ፦ «ልጄ፣ ሰው የሚጽፈው ቃል ከትእዛዙ ጋር ይቀላቀላል ወይስ ለብቻው ይሄዳል?» ኮዱን እያሳዩ ካስረዷችሁ መርቋቸው። እስከዚያው ሙከራው በፈጠራ ስሞች ይሁን። የዕድር ጸሐፊ መዝገቡን የሚቆልፈው የሰው አደራ ስለሆነ ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ አደራነቱ አይቀርም።

መልካም ወር!