ለሸማቹ አዝነን መራጩን ለምን እንረግማለን?

በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያና በስፕሪንግፊልድ የሐበሻ ካፌዎች ሁለት ምሬቶች ከጠረጴዛ አይጠፉም። አንዱ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሲሆን ሌላው የሰው ድምፅ ነው። 130 ሺህ ማይል የሄደ ካምሪ በማይቀመስ ዋጋ የገዛ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ሰሚው ሁሉ ያዝንለታል። «ምን ታደርግ፣ ሥራ አለብህ፣ ልጆች አሉህ» ይባላል። ያው ሰው የማንወደውን ዕጩ እንደመረጠ የነገረን ዕለት ግን ፊታችን ይለወጣል። «አንተም?» እንለዋለን። ከዚያ በኋላ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፣ በማኅበር ስንገናኝም ራቅ ብለን እንቀመጣለን።

ይህ ፍርዳችን ትክክል አይደለም እላለሁ። ሸማቹም መራጩም የሚመርጡት ከቀረበላቸው ነው። ግቢው ውስጥ ያልቆመ መኪና አይገዛም፤ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ዕጩም አይመረጥም። ምን እንደሚቀርብ የሚወሰነው ደግሞ ቀደም ብሎ፣ ጥቂት ሰው በሚገኝበት ስብሰባና ምርጫ ላይ ነው። ቁጣችን መራጩን ትቶ ወደዚያ መዞር አለበት። ይህን ለማሳየት ከምናውቀው፣ ከመኪናው ልጀምር።

ዋጋው እንዴት ወጣ?

የመኪና ዋጋ ሰማይ የነካው በአንድ ነጋዴ ስግብግብነት አይደለም። በ2020 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወረርሽኙ ሲመጣ የመኪና ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ያዘዙትን የኤሌክትሮኒክስ ቺፕም ሰረዙ። ቺፕ አምራቾቹ ምርታቸውን ለኮምፒውተርና ለስልክ አዞሩት። ገበያው ቶሎ ሲመለስ መኪናው ተሠርቶ ቺፕ ጠፋ። በዚያው ዓመት ግንቦት ለኪሳራ ጥበቃ ያመለከተውን ኸርዝን የመሳሰሉ አከራዮች መኪኖቻቸውን በብዛት ሸጠው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተጓዥ ሲመለስ አዲስ መኪና ስላጡ አከራዮቹ ራሳቸው ያገለገለ ለመግዛት ጨረታ ገቡ። በአሜሪካ መንግሥት የዋጋ መለኪያ መሠረት ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ እስከ ሰኔ 2021 ባለው አንድ ዓመት ብቻ 45 በመቶ ጨመረ።

ጣጣው በዚያ አላበቃም። በ2019 በአሜሪካ 17 ሚሊዮን ገደማ አዲስ መኪና ተሸጦ ነበር፤ በ2022 ወደ 14 ሚሊዮን ወርዷል። ያኔ ያልተሠራ መኪና ዛሬ ያገለገለ ሆኖ ገበያ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ላይ ማዕከላዊ ባንኩ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለድ እየጨመረ ሄደ። ከሚያዝያ 2025 ደግሞ ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፤ አዲሱ ሲወደድ የአሮጌውም ፈላጊ ይበዛል። አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችንም ይህን ያውቀዋል። አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ የጣለው የኤክሳይዝ አዋጅ በ2020 ከወጣና በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ቪትዝ የያዘ ሰው ንብረት እንደያዘ ይቆጠራል። በሁለቱም አገር ዋጋውን በዋናነት የሠራው የአቅርቦት እጥረትና ሕግ ነው።

ይህን ስል ሻጩን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። አንድ የማውቀው የኡበር ሾፌር ዲለሩ የሰጠውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳይቶኛል። ከላይ በማስታወቂያ ያየው ዋጋ አለ። ከሥሩ «ፕሮሰሲንግ ፊ» የሚባል ብዙ መቶ ዶላር ተጨምሯል። ቀጥሎ የስቴቱ 4.15 በመቶ የመኪና ሽያጭ ታክስ፣ ከዚያ አልጠየቀውም የነበረ የጥገና ዋስትና፣ መጨረሻ ላይ በ72 ወር የሚከፈል ብድር። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አስ ኢዝ» ይላል፤ ከግቢው ከወጣ በኋላ የሚበላሸው ሁሉ የእሱ ነው ማለት ነው። ሰውየው ማንበብ አላቃተውም። የቀድሞ መኪናው ሞተር ከወደቀ ሳምንት አልፎት ስለነበር በየቀኑ ገቢ እያጣ ነው የፈረመው።

በዚህ ወረቀት ላይ አንዷን መስመር ብቻ እንያት። ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ ብንሄድ ዲለር ለወረቀት ሥራ ሊያስከፍል የሚችለው ገንዘብ በሕግ ጣሪያ አለው። ቨርጂኒያ ግን ክፍያው እንዲገለጽ ብቻ ታዛለች፤ ጣሪያ አላበጀችለትም። ስለዚህ ያቺ መስመር በሻጩ ብቻ ሳይሆን በሪችመንድ በተቀመጡ የሕግ አውጪዎች ዝምታም የተጻፈች ናት። የመኪናው ጉዳይ የምርጫ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ታክሱ ያመጣው ትምህርት

የቨርጂኒያ ነዋሪ መኪናውን ከፍሎ ቢጨርስም በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የንብረት ታክስ ይከፍልበታል። ሜሪላንድ ያለ ጎረቤቱ ይህ ዕዳ የለበትም። በፌርፋክስ ካውንቲ ተመኑ በ100 ዶላር ግምት 4.57 ዶላር ነው። ግምቱ የሚወሰደው በጃንዋሪ 1 ካለው የገበያ ዋጋ ስለሆነ በ2022 ጉድ ታየ፤ መኪናው አንድ ዓመት አርጅቶ ታክሱ ጨመረ። ቀድሞ 12 ሺህ ዶላር የተገመተ መኪና 15 ሺህ ቢገባ ከስቴቱ ድጎማ በፊት ያለው ታክስ ከ548 ወደ 685 ዶላር ይወጣል። ባለቤቱ ያተረፈው የለም፤ መኪናውን ቢሸጥ በዚያው ውድ ገበያ ሌላ መግዛት አለበት። የካውንቲው ቦርድ በዚያ ዓመት ግምቱ በ85 በመቶ ብቻ እንዲታሰብ ወሰነ። በዚህ ስሌት ያው መኪና ወደ 583 ዶላር ይወርዳል። አንድ የቦርድ ውሳኔ በአንድ መኪና ከመቶ ዶላር በላይ አቃለለ ማለት ነው። ስለ ፕሬዚዳንቶች ሌሊቱን ሙሉ የምንከራከር ሰዎች ያንን ውሳኔ ያሳለፉትን የቦርድ አባላት ስም እናውቃለን?

ይህ ታክስ በቨርጂኒያ ምርጫ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1997 ጂም ጊልሞር «የመኪና ታክስ ይቅር» በሚል መፈክር ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው አሸነፉ። በእሳቸው የተሸነፉት ዶን ቤየር በመኪና ንግድ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ዛሬ አሌክሳንድሪያንና አርሊንግተንን በኮንግረስ ይወክላሉ። በ1998 ታክሱን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር ሕግ ወጣ። ነገር ግን ታክሱ የካውንቲዎችና የከተሞች ገቢ ነው፤ ትምህርት ቤትና ፖሊስ ይተዳደርበታል። የጎደለውን ስቴቱ ሊተካ ነበር የታሰበው፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ሲሆን ቅነሳው 70 በመቶ ላይ ቆመ። በኋላም የስቴቱ ድጎማ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ተገደበ። መኪናው ሲበዛና ሲወደድ ያው ገንዘብ ለብዙ ስለሚካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። በ2025ቱ የአገረ ገዥ ምርጫ የተፎካከሩት አቢጌይል ስፓንበርገርና ዊንሰም ኧርል ሲርስ ሁለቱም ይህ ታክስ እንዲቀር እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከጊልሞር ድል 28 ዓመት በኋላ ጥያቄው እዚያው ነበር።

በ1997 ያንን መፈክር አምኖ የመረጠ ሰው ሞኝ ነበር? አልነበረም። ታክሱ በእርግጥ ከባድ ነበር፤ ይቀንስልሃል ያለውን ሰው መምረጡም ተገቢ ነው። የጎደለው ከምርጫው በፊት «የካውንቲውን ገንዘብ በምን ትተኩታላችሁ?» ብሎ ዕጩውን የሚያፋጥጥ ሕዝብ ነው።

የድምፁ ምክንያት

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ወገናችን ክፉኛ ተከፋፍሏል። በኢትዮጵያ ጦርነት ነበር። የባይደን አስተዳደር በመስከረም የማዕቀብ ትእዛዝ አወጣ፤ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደምትወጣ ያስታወቀውም ቨርጂኒያ ድምፅ በሰጠችበት በዚያው ኖቬምበር 2 ነው። በዚህ የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ተደራጅተው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድጋፋቸውን በይፋ ሰጡ። ያንግኪን በሁለት በመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፉ። ጦርነቱ በቤተሰባቸው ላይ የወረደባቸውና ማዕቀቡን የደገፉ ሌሎች ወገኖች ደግሞ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ቂሙ ዛሬም አልወጣም።

የአንድ ስቴት አገረ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም። ይህን እያወቁም ብዙዎች የመረጡት ለዋሽንግተን መልእክት ለመላክ ያገኙት የድምፅ መስጫ ያ ብቻ ስለነበር ነው። ሊጠየቁ የፈለጉት ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በሌላ ወገን የቆመው መራጭም እንዲሁ ነው፤ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት እያሰበ መርጦ ሳለ ስለ ጦርነቱ እንደመረጠ ተቆጥሮበታል። አንድ ድምፅ አሥር ሐሳብ ይሸከማል፤ እኛ ግን ከአሥሩ የሚያስቆጣንን አንዱን መዝዘን በእሱ እንፈርዳለን። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የምንል ሰዎች በምርጫ ጊዜ ይህን እንዴት እንረሳዋለን?

ጠንካራ መከራከሪያ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። መኪና የገዛ ሰው ዕዳው የራሱ ነው፤ ድምፅ የሰጠ ሰው ግን ውጤቱን ለሁላችን ያሸክማል። እውነት ነው። ስለዚህ መራጭ ከሸማች የበለጠ ኃላፊነት አለበት። በሰው ዘር ወይም ሃይማኖት ላይ ባለው ጥላቻ ብቻ የመረጠ ሰው ሊወቀስ ይገባዋል። ነገር ግን እኔ የማውቃቸው፣ ከእኔ በተቃራኒ የመረጡ ሰዎች አብዛኞቹ ምክንያታቸው ኪራይ፣ የምግብ ዋጋ፣ የልጅ ትምህርትና የአገር ጉዳይ ነው። ስድብ ከእነዚህ አንዱንም አይመልስም። የተሰደበ ሰው በሚቀጥለው ምርጫ ምክንያቱን ደብቆ ያንኑ ይመርጣል። «ምን አስጨንቆህ ነው?» የተባለ ሰው ግን ይናገራል፤ ሲናገርም የጋራ ጥያቄ ይገኛል።

ምርጫው የሚዘጋጅበት ቦታ

ዕጩዎች ከሰማይ አይወርዱም። በቨርጂኒያ ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን በብዛት የሚለዩት በሰኔ በሚደረገው ፕራይመሪ ነው። በፓርቲ መመዝገብ ስለማያስፈልግ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ድምፅ መስጠት ይችላል። የሚመጣው ሰው ግን በኖቬምበር ከሚመጣው እጅግ ያነሰ ነው። በሰኔ 2025 በዴሞክራቶቹ የምክትል አገረ ገዥነት ፕራይመሪ ስድስት ዕጩዎች ተወዳድረው ጋዛላ ሃሽሚ ከሦስት አንድ በማይሞላ ድምፅ አሸንፈዋል። ለአገረ ገዥነት ግን ስፓንበርገርም ኧርል ሲርስም በየፓርቲያቸው ተፎካካሪ አልቀረበባቸውም። ማን ይቅረብ የሚለው ፕራይመሪው ሳይደርስ አልቆ ነበር። በኖቬምበር «ከሁለት ምን ልምረጥ?» ብሎ የተማረረ ሰው መልሱ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ውስጥ ነው። አርሊንግተን በ2023 ለካውንቲ ቦርድ ፕራይመሪዋ መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበትን አሠራር ጀምራለች። የምርጫው ደንብ ራሱ በሰዎች ጥረት ሊለወጥ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

የገንዘቡም ነገር እንዲሁ ነው። የፌርፋክስ ካውንቲ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ ተመኑም ሆነ የግምቱ አሠራር በፀደዩ የበጀት ክርክር ላይ ለውይይት ክፍት ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው ድምፅ መስጠት ባይችልም በካውንቲው ስብሰባ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። እኛ መቶዎች ሆነን ለሠርግና ለለቅሶ የምንሰበሰብ ሕዝብ ነን። ከእነዚያ መቶዎች ሃያው አንድ ምሽት በበጀት ስብሰባ ቢገኙ፣ የዲለር ክፍያ ጣሪያ ይበጅለት ብለው ለወረዳቸው ተወካይ በአንድ ድምፅ ቢጽፉ፣ ካፌ ውስጥ ካባከንነው ቁጣ ሁሉ የበለጠ ይሠራል። በዚያ ምሽት ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ባለፈው ምርጫ በተቃራኒ የመረጡ ቢሆኑ ምንም አይጎድልም፤ የሚከፍሉት ታክስ አንድ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ፤ አንቺንም እንዲሁ። ኡበር ወይም ታክሲ የምትነዱ ከሆነ የመኪናችሁን ማይል ጻፉና የታክስ ግምቱን ተከራከሩ፤ ፌርፋክስ ብዙ ማይል ለሄደ መኪና ግምት የሚቀንስበት አሠራር አለው። በሰኔ ፕራይመሪ ላይ ድምፅ ስጡ። ከእናንተ በተቃራኒ የመረጠውን ወንድም ወይም እህት ደግሞ ለበጀቱ ስብሰባ ይዛችሁት ሂዱ። መራጭን በማዋረድ የተሻለ ዕጩ አይገኝም፤ የተሻለ ዕጩ የሚገኘው ዕጩ በሚለይበት ቦታ በመገኘት ነው።