ባንኩ የማን ነው? ወይስ ለማን ነው?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲሱን የባንክ ሥራ አዋጅ አጽድቆ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ተዘግቶ የኖረውን በር ለውጭ ባንኮች ከከፈተ ወዲህ ክርክራችን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲሽከረከር እሰማለሁ፤ ባንኩ የማን ይሁን? አንዱ ወገን የአገር ሀብት ለባዕድ ተሰጠ ብሎ ያዝናል፤ ሌላው ዶላርና ዕውቀት እንደ ክረምት ዝናብ ይወርድልናል ብሎ ይጠብቃል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ለዕድገታችን ወሳኙ ጥያቄ ባንኩ የማን ነው የሚለው ሳይሆን ለማን ያበድራል የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ታሪካችን ሁለቱንም መንገድ አሳይቶናል። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ በእንግሊዞች ሥር ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመ ሲሆን የ50 ዓመት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት ነበር። ባዕድ ነበረ፤ ብቸኛም ነበረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮችን ሲወርስ ደግሞ ባንኩ የእኛ ሆነ፤ ብቸኝነቱ ግን ቀረ። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ተበዳሪው አማራጭ አላገኘም።

አዋጅ ቁጥር 84/1986 የግል ባንክን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ፈቀደ። ባንኮች በዙ፤ ቅርንጫፎች በየመንገዱ ተከፈቱ። ይሁን እንጂ ፉክክሩ ይበልጡን አስቀማጭ ለመሳብ ነበር። መርካቶ ጫማ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ብድር ሲጠይቅ የቀረበለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቤት አለዎት?» የሚል ነበር። ስለ ጫማው፣ ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ሂሳቡ የጠየቀው አልነበረም።

ለዚህ ጥፋተኛው ባንኩ ብቻ ነውን? አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ፣ የግል ባንኮች ለሚሰጡት አዲስ ብድር ሁሉ የብድሩን 27 ከመቶ የሚያህል የአምስት ዓመት ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ሰነዱ የሚያስገኘው ወለድ 3 ከመቶ ሲሆን ባንኮቹ ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 5 ከመቶ ነበር። ታዲያ ኪሳራውን ማን ከፈለው? የባንኮቹ ትርፍ አልነጠፈም። የውጭ ተወዳዳሪ ስላልነበረባቸው ሸክሙን በወለድና በአገልግሎት ክፍያ ወደ ተበዳሪው አዞሩት፤ ብድራቸውንም በአጭር ጊዜ ወደሚመለስ ንግድ አዘነበሉ። መመሪያው እስኪነሣ ድረስ፣ ማለትም እስከ 2012 ዓ.ም.፣ ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ ሰው ዋጋውን ከፍሏል። የተዘጋ በርና የተጫነ መመሪያ ሲጋቡ የሚወልዱት ይህን ነው።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። በአዋጁ መሠረት የውጭ ባለሀብቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ የሚይዙት ድርሻ በድምሩ ከ49 ከመቶ አይበልጥም፤ የውጭ ባንክ ግን ቅርንጫፍ ወይም ተቀጽላ ኩባንያ መክፈት ይችላል። ይህ ብቻውን የጫማ ሠሪውን ችግር ይፈታልን? ጎረቤታችን ኬንያ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስመ ጥር ዓለም አቀፍ ባንኮች ትርፍ ያነሳቸውን የገጠር ቅርንጫፎች ሲዘጉ፣ አነስተኛውን ገበሬና ነጋዴ ፈልጎ ያገኘው በ1984 በቤት ግንባታ ብድር ማኅበርነት የተመሠረተውና በ2004 ባንክ የሆነው የአገሬው ኢኩዊቲ ነበር። የውጭ ባንክ በመጀመሪያ የሚሻው ትልቁንና ሂሳቡ የጠራለትን ደንበኛ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሥራው ነው። ጥቅሙ የአገር ውስጡ ባንክ ትልቁን ደንበኛ ሲነጠቅ ትንሹን ለመፈለግ የሚገደድ ከሆነ ነው።

ያ እንዲሆን ደንቡ ሊፈቅድ ይገባል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እንደ ተጣለው የ14 ከመቶ የብድር ዕድገት ጣሪያ ያለ ገደብ የዋጋ ንረትን ለመግታት ቢታሰብም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲቆጠርበት የሚመርጠው የታወቀውን ደንበኛ ነው፤ ጫማ ሠሪው ከሰልፉ መጨረሻ ይቀራል። ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በወረቀት ላይ እንዳይቀር፣ የስፌት መኪናና የከብት መንጋ በባንክ መስኮት ፊት እንደ ቤት ይቆጠሩ። የመንግሥት ባንክም ከሌሎቹ እኩል ደንብ ይገዛው።

ከሁሉ በላይ ደንቡ ይጽና። በ2009 ዓ.ም. ትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሰው ተፈቀደላቸው። ወገኑን በሦስት ዓመት ውስጥ አስወጥቶ ያስገባ ደንብ፣ ባዕዱን ለሃያ ዓመት የሚቆይ ብድር ስጥ ብሎ ሊያሳምነው እንዴት ይቻለዋል?

ስለዚህ የአዲሱን ሕግ ፍሬ በገቡት ባንኮች ቁጥር አንለካው። ያ ጫማ ሠሪ ዳግመኛ ወደ ባንክ ሲሄድ ስለ ጫማው የተጠየቀ ዕለት፣ ያን ጊዜ በሩ በእርግጥ ተከፍቷል እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።