የጅቡ ጉትቻ

ኢምፔሪያል፣ ከቀለበት መንገዱ ዳር ጀበና ቡና የሚጠጣበት ጥግ ተቀምጬ ሁለት ወጣቶች ስለ «ሃሪ ፖተር» ሲከራከሩ ሰማሁ። ልጅቷን ያንገበገባት የኤልፎቹ ነገር ነው፤ ያለ ደመወዝ እያገለገሉ ደስተኞች ናቸው መባሉ አልተዋጠላትም። ልጁ ሬመስ ሉፒንን አነሳ። ሉፒን ጎበዝ መምህር ነው፤ ጨረቃ ስትሞላ ግን ተኩላ ይሆናል። ምስጢሩ የወጣ ዕለት የወላጆችን ቁጣ ሳይጠብቅ ሥራውን ለቀቀ። ደራሲዋ ሮውሊንግም በዚህ ሰው ያሳየችው እንደ ኤችአይቪ ያሉ ሕመሞች የሚያስከትሉትን መገለል መሆኑን ተናግራለች።

የእኔ ዐይን ጀበናው ላይ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ ያንን ጀበና ስላበጀች በብዙ የአገራችን ክፍል ቡዳ ስትባል ኖራለች። ባሏ ቀጥቃጭ ከሆነማ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ይታማል። ሮውሊንግ ተኩላ የሚሆነውን ሰው የፈጠረችው መገለልን ልታሳይ ነው፤ የእኛን ጅብ ግን የፈጠረው አግላዩ ራሱ ነው።

ለምን ፈጠረው? እኔ ነገሩን ከርስት ጋር አያይዘዋለሁ። ቤተ እስራኤሎች በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ይስሐቅ ተሸንፈው ርስታቸውን እንደተነጠቁ ይነገራል። መሬት የሌለው ሰው እጁ ላይ ያለውን ይዞ ያድራል፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ባልቴቷ ያለ ምጣድ መዋል አይችሉም። የሚፈልጉትን ሰው ከማዕድና ከጋብቻ ለማራቅ አንድ ጠንከር ያለ ምክንያት ያስፈልግ ነበር፤ ጅቡ ያኔ ደረሰላቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አገር ሊያዘምኑ ቀጥቃጭና አናጢ ይፈልጉ ነበርና ገብቷቸዋል። ስድቡ በአዋጅ ተከለከለ፤ ተረቱ ግን በእሳት ዳር ቀጠለ። ዛሬም የተማረ ሰው፣ እዚሁ ቦሌ፣ ካፌ ውስጥ ቡዳ ፈርቶ የልጁን ፊት በነጠላ ሲሸፍን አያለሁ። ካፋ ውስጥ ማንጆ በሚባሉት ሰዎች ላይ የሚደርሰው መገለልም ገና የትናንት ወሬ አልሆነም።

በአማርኛ ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፉ ወጣቶች ድራጎን ለምን ከሩቅ ያስመጣሉ? ጅቡ ደጃችን ነው፤ ከቀጥቃጩ ጎጆ ሆኖ የተረከው ግን አላጋጠመኝም።

መነሻ የሚሆን ነገር እንኳ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች ተገድለው ማየቱን ጽፏል። ቡዳ ለመሆናቸው ማስረጃው ጉትቻው ነው። ጉትቻውን የሚሠራው አንጥረኛው መሆኑ እውነት ነው። የወርቅ ጌጥ የሚገዙትና የሚያደርጉት ግን ባለ ርስቱና እመቤቲቱም ነበሩ፤ እነሱን ጅብ ብሎ የጠረጠረ የለም።