ጃፓንኛ ለማስተማር ማስተርስ ያስፈልጋል? ፈቃዱ ሌላ፣ ዲግሪው ሌላ፣ ቪዛው ሌላ

ጃፓን የቋንቋ አስተማሪ በጣም ትፈልጋለች። ለዚህም አዲስ የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አውጥታለች። ፈቃዱን ለማግኘት ዲግሪ አይጠየቅም፣ የዕድሜ ገደብ የለም፣ ዜግነትም አይታይም።

በሌላ በኩል የጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ጃፓንኛን ለውጭ ሰው በማስተማር ዘርፍ ማስተርስና ፒኤችዲ ይሰጣሉ። ስኮላርሺፕ ፍለጋ ስልኩ ላይ የሚያመሽ ወጣት ይህን ዘርፍ ሲያይ "አስተማሪ ከፈለጉማ ከዚህ ተመርቄ ሥራ አላጣም" ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን እንደዛ ቀላል አይደለም። ፈቃዱ፣ ማስተርሱና ቪዛው ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው። አንዱ ተከፈተ ማለት ሌላው ተከፈተ ማለት አይደለም። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአስተማሪ ፍላጎቱ ከየት መጣ?

የጃፓን ሕዝብ እያረጀና በቁጥር እየቀነሰ ነው። ፋብሪካው፣ እርሻው፣ የአረጋውያን መንከባከቢያው ሠራተኛ ከውጭ እያስመጣ ነው። በ2024 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ቁጥር 3.77 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። በኤፕሪል 2027 ሥራ ላይ የሚውለው አዲሱ የውጭ ሠራተኞች አሠራር ደግሞ ሠራተኛው መሠረታዊ ጃፓንኛ እንዲችል ወይም ተመጣጣኝ ኮርስ እንዲወስድ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ፖለቲካውንም አሙቆታል። በ2025ቱ የላይኛው ምክር ቤት ምርጫ "ጃፓናውያን ይቅደሙ" የሚል መፈክር ይዞ የመጣው ሳንሴይቶ ፓርቲ 14 መቀመጫ አሸንፏል። አየሩ እንዲህ ሲሆን ቋንቋ መቻልና አለመቻል የግለሰቡ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የአገር ጥያቄ ይሆናል።

አንደኛው በር፦ ፈቃዱ

ለውጭ ዜጎች የሚያስተምሩ የቋንቋ ትምህርት ቤቶችን የሚመለከተው ሕግ በ2023 ጸድቆ በኤፕሪል 2024 ሥራ ጀመረ። "የተመዘገበ የጃፓንኛ አስተማሪ" የሚባለው የሙያ ስም የመጣው በዚህ ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ዕውቅና ያገኙ ትምህርት ቤቶች ማስቀጠር ያለባቸው ይህ ፈቃድ ያላቸውን ነው፤ ለነባር አስተማሪዎችና ትምህርት ቤቶች እስከ ማርች 2029 የመሸጋገሪያ ጊዜ ተሰጥቷል።

ፈቃዱን የሚፈልግ ሰው መሠረታዊውን ፈተና ያልፋል፣ የተግባር ዕውቀት የሚለካውን ሁለተኛ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያ ክፍል ገብቶ ልምምድ ያደርጋል። የመጀመሪያው ፈተና በኖቬምበር 2024 ሲሰጥ 17,655 ሰዎች ተፈትነው 11,051 አልፈዋል።

እዚህ ጋር ልብ በሉ። በመንግሥት በተመዘገበ የማሠልጠኛ ፕሮግራም ያለፈ ሰው ከመሠረታዊው ፈተና ነጻ ይሆናል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም አላቸው። ሁለተኛው ፈተና ግን ይጠብቀዋል። ማስተርስ መያዝ ብቻውን ፈቃድ አያስገኝም። ፈተናው ራሱ በጃፓንኛ ነው።

ሁለተኛው በር፦ ማስተርሱ

ታዲያ ማስተርሱ ምን ይሠራል? ለዚህ መልሱ ከራሳችን ቋንቋ ይጀምራል።

አንድ የውጭ ሰው "'ካሳ መጣ' እና 'የመጣው ካሳ ነው' ልዩነታቸው ምንድነው?" ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ? ሁለቱንም በየቀኑ በትክክለኛው ቦታ እንጠቀማቸዋለን። አስረዱ ስንባል ግን እንንተባተባለን። ጃፓናውያንም "ዋ" እና "ጋ" የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ቃላት አሏቸው፤ ከሥራቸው አንዱ ከዚህ ከእኛ ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ጃፓናዊ ሁሉ አይሳሳታቸውም፤ ማስረዳት የሚችለው ግን ጥቂቱ ነው።

ቋንቋን መናገርና ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች የሚሆኑት ለዚህ ነው። ማስተርሱ ላይ የሚጠናው ይሄ ነው፦ ሰው ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት ይለምዳል፣ ስህተቱ ከየት ይመጣል፣ መጽሐፍና ፈተና እንዴት ይዘጋጃል፣ ከ2,136ቱ የዕለት ተዕለት ካንጂ ፊደላት የትኛው ይቀድማል። ተማሪው የራሱን ጥናትም ይጽፋል። ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ለዚህ ዘርፍ ብቻ ራሱን የቻለ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ሂሮሺማና የቶኪዮ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲም ዘርፉን ያስተምራሉ።

ማስተርሱ ዋጋ የሚያወጣው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር፣ መጽሐፍ ማዘጋጀት፣ አስተማሪ ማሠልጠን ለሚፈልግ ሰው ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ለማስተማር ብቻ ከሆነ ግን ረጅሙን መንገድ መሄድ ነው።

ሦስተኛው በር፦ ቪዛው

ፈቃዱ ዲግሪ አይጠይቅም ብለናል። ኢሚግሬሽን ግን ይጠይቃል። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሰጠው የተለመደው የሥራ ቪዛ ዲግሪ ወይም ዓመታት የፈጀ የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ዲግሪ የሌለው ጃፓናዊ በአዲሱ ሕግ መንገዱ ቀሎለታል፤ ዲግሪ የሌለው የውጭ ዜጋ ግን ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ቪዛው ላይ ሊቆም ይችላል። በሩ ለሁሉም ተከፈተ ሲባል፣ ግቢው ውስጥ ላሉት ነው።

ገንዘቡስ?

ብዙም የማይወራው ይሄ ነው። ጃፓን ውስጥ ጃፓንኛ ከሚያስተምሩት ግማሽ ያህሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከቀሩት አብዛኞቹ ባስተማሩበት ሰዓት ልክ የሚከፈላቸው ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው አስተማሪ ቋሚ ቅጥር ያላቸው ከአሥሩ ሁለት አይሞሉም። አስተማሪ ጠፋ የሚባለው ሰው ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ በሥራው መኖር ስለሚከብድም ነው። ፈቃዱ ለሙያው ክብር ሰጥቷል። ደሞዙን ግን ሕግ ስለወጣ ብቻ ማንም አይጨምርም።

ከጃፓን ውጭስ? ጃፓን ፋውንዴሽን በ2021 ባደረገው ጥናት ከጃፓን ውጭ 3.79 ሚሊዮን ሰዎች ጃፓንኛ ይማሩ ነበር፤ ከፊት ያሉት ቻይና፣ ኢንዶኔዥያና ደቡብ ኮሪያ ናቸው። እዚያ ከሚያስተምሩት አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች እንጂ ጃፓናውያን አይደሉም። በማስተርሱ በደንብ የሚጠቀመው ተመልሶ የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ያለው ሰው ነው።

ለማመልከት ካሰባችሁ

የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ (ሜክስት) አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ በኩልም ይመለመላል። ለድህረ ምረቃ አመልካቹ ከ35 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል፣ በማስተርስ ደረጃ በወር 144,000 የን አካባቢ ይሰጣል። ጥሩ ዕድል ነው፤ ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ እዩ።

አንደኛ፣ የምታመለክቱበት ዘርፍ በዲግሪ ከተማራችሁት ጋር መገናኘት አለበት። በአካውንቲንግ ተመርቆ ጃፓንኛ ማስተማርን ላጥና ማለት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ በሌሎች ብዙ ዘርፎች በእንግሊዝኛ መማር ይቻላል፤ ይሄኛው ግን በአብዛኛው በጃፓንኛ ነው የሚሰጠው፤ ጥናቱም የሚጻፈው በጃፓንኛ ነው። ቋንቋውን እዚያ ደርሼ እለምዳለሁ የሚባልበት ዘርፍ አይደለም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስጨርስ የት ነው የማስተምረው? የአንድ ተቋም ስም መጥራት ካልቻላችሁ፣ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ፍለጋው ከዚያ ይጀምር።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቋንቋ ለማስተማር ዲግሪ ይቅደም ወይስ ችሎታ? ጃፓንኛ እየተማራችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ የት እንደምትማሩና ምን እንዳሰባችሁ ጻፉልን።