አባትየውን ማን ይፈልገው?

ቀለብ እንዲሰጥ የተፈረደበት አባት ሰፈርና ሥራ ለውጦ የተሰወረ እንደ ሆነ፣ እናቲቱ የፍርዱን ወረቀት ይዛ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ትንከራተታለች። ዘበኛው ቢያስገባት እንኳ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ ይመልሳታል። ምናልባትም በዚያው ቀን ጠዋት ከሰውዬው ጋር ቡና ጠጥቶ ይሆናል። ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም፤ ባልንጀራን መጠቆም ነውር ነው ብሎ ስለሚያምን ነው እንጂ። እኔ ግን ነውሩ ያለ ቦታው ገብቷል እላለሁ።

ስለ ግዴታው ሕጋችን አላመነታም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ልክ እንዲወሰን ያዛል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህን ግዴታ ያለ በቂ ምክንያት የጣለውን ይቀጣል። ይሁን እንጂ ሰውዬው ካልተገኘ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

የአሜሪካን ልማድ ሁሉ አላደንቅም፤ በዚህ ነገር ግን ያሰቡበት ይመስለኛል። በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ወላጆችን የሚያፈላልግ የመንግሥት አገልግሎት አቋቋሙ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ማንኛውም አሠሪ አዲስ ሠራተኛ በቀጠረ በ20 ቀን ውስጥ ስሙንና አድራሻውን ለክፍለ ግዛቱ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት የከፈተው ያገራችን ሰውም ከዚህ አያመልጥም። አሠሪው ሠራተኛው ልጅ ይኑረው አይኑረው መርማሪ አይሆንም፤ የሁሉንም ስም ይልካል፣ መንግሥት ከቀለብ መዝገቡ ጋር ያስተያየዋል። እንግዲህ ማን ማንን ጠቆመ? ክፍለ ግዛቶቹ ሳያስታውቅ የቀረውን በአንድ ሠራተኛ እስከ 25 ዶላር ሊቀጡት ይችላሉ፤ አሠሪና ሠራተኛ ተመካክረው ከደበቁ ግን ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። ሕግ አውጪዎቹ የቡና ባልንጀርነትን ሳያውቁት አልቀሩም።

አድራሻ መግለጥ አደጋ አለው የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ሰው በልጅ ስም መኖሪያዋን ሊያጠና ይችላል። እዚያም የቤት ውስጥ ጥቃት ሥጋት ባለበት መዝገብ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም አድራሻው አይገለጥም።

ለእኛ እንደሚመስለኝ በጥቂቱ መጀመር ይሻላል። ፍርድ ቤት ስለ አንድ ባለዕዳ ሲጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቱ በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ፤ መልሱን የሰጠው ሹም ስሙን ይጻፍበት፤ ደብዳቤውም በእናቲቱ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለችሎቱ ይድረስ። ዛሬ መተማ ነገ ሞያሌ የሚውለውን ሾፌር፣ የቀን ሠራተኛውንና ደላላውን ይህ መንገድ እንደማያገኛቸው ዐውቃለሁ። ለእነርሱ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። የባለ ደመወዙ ስም ግን በየወሩ በደመወዝ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡንም ያ «የለም» ያለው ጸሐፊ ያውቀዋል።