የማይጠቅሱ አንባቢዎችም ይቆጠሩ

መቀመጫው አትላንታ የሆነው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 በሳምንታዊ ዘገባው አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶች ባልተለመደ የሳንባ ምች መታመማቸውን የሚገልጽ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሌሎች ከተሞች ሐኪሞች ተመሳሳይ ሕመምተኞች እንዳገኙ አሳወቁ። ኋላ ኤድስ የተባለው በሽታ ከሕክምናው ዓለም ጋር የተዋወቀው እንዲህ ነው። ጽሑፉ በሌሎች ጥናቶች ከመጠቀሱ በፊት ተነቦ ሥራ ላይ ውሏል። ጆርናሎች በዋናነት የሚመዘኑበት ኢምፓክት ፋክተር ግን ይህን ዓይነቱን አገልግሎት አያይም። ስሌቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በዓመቱ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ቆጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ማካፈል ነው። የሚጠቅሰው ደግሞ ጥናት የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። ያነበበውን ሕመምተኛው ላይ የሚያውል ሐኪምና ለተማሪዎቹ የሚያስተምር መምህር ከቁጥር ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ጆርናል በኢንተርኔት ምን ያህል እንደተከፈተና እንደተወረደ የሚያሳየው መረጃም ከጥቅሱ ጎን መቅረብ አለበት እላለሁ።

«ቁጥሩ በቀላሉ ይጭበረበራል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው፤ ግን ካውንተር የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ በ30 ሰከንድ ውስጥ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ መጫንን እንደ አንድ ይቆጥራል፣ የሮቦቶችንም ጉብኝት ይቀንሳል። ጥቅስም ቢሆን ከማጭበርበር አላመለጠም፤ ራሳቸውን ከልክ በላይ በመጥቀሳቸው ከዓመታዊው ዝርዝር የታገዱ ጆርናሎች አሉ። «ብዙ የተነበበ ሁሉ ጥሩ አይደለም» የሚለው ይበልጥ ይከብዳል። ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ለኮቪድ ሕክምና ስለተሞከረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ መድኃኒት ያወጣው ጥናት ዓለምን ካነጋገረ በኋላ መረጃው ሊረጋገጥ ባለመቻሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሰርዟል። ያን ጥናት ያወጣው ግን በኢምፓክት ፋክተር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ የሆነ ጆርናል ነው። የጽሑፍን እውነትነት የሚመረምረው ብቁ ገምጋሚ እንጂ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዳቸውም አይደሉም።

ለእኛ አገር የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ አንዱ ያወረደው ፒዲኤፍ በቴሌግራም ለመቶ ሰው ቢዳረስ ቆጣሪው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። እንግዲህ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል በጠቅላላ ድምር ከአሜሪካ ጆርናል ጋር ማወዳደር ግፍ ይሆናል። መጠየቅ ያለበት አገር ውስጥ የትኞቹ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች እንደሚያነቡት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለመምህራን የማዕረግ እድገት ጆርናሎችን ሲመዝኑ ይህን መረጃ ከአዘጋጆች ይጠይቁ፤ አዘጋጆችም በአንድ ወጥ ደንብ ቆጥረው በየዓመቱ ይፋ ያድርጉ።