ፍሪ ማርሽ ነፃ አይደለም

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሾፌሩ ማርሹን መሃል ላይ ይተወዋል። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ መኪናው በራሱ ይንደረደራል። «ለምን ፍሪ አደረግከው?» ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ ቅርብ ነው፦ «ነዳጅ ስንት እንደገባ አታውቁም እንዴ?»

እውነቱን ነው፣ ነዳጅ ተወዷል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን ከ50 ብር በታች ነበር። በ2017 ዓ.ም. 100 ብርን ተሻገረ። በመሃል፣ በ2016 ዓ.ም.፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ክልከላው ግን መንገድ ላይ ያሉትን ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሚኒባሶች አልነካም። እነሱ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ስለዚህ መኪናውን መቀየር ያልቻለ ሰው እጁ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ አነዳዱ። ችግሩ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው የቁጠባ ዘዴ የድሮ መኪና ዘዴ መሆኑ ነው።

በካርቡራተር ዘመን ሞተሩ ቁልቁለት ላይም ነዳጅ መሳቡን አያቆምም ነበር። ማርሽ ውስጥ ሆኖ በፍጥነት ከሚሽከረከር፣ ፍሪ ሆኖ ቀስ ቢል ይሻላል የሚለው ሐሳብ ያኔ ያስኬድ ነበር። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ግን ሌላ ናቸው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያሽከረክረው የጎማው ግፊት ነው። ፍጆታው ዜሮ! ፍሪ ስታደርጉት ግን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ፤ ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ቆሞ የሚሠራ ትንሽ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይጨርሳል። መንገዱ በጣም ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ ፍሬን የማያስነካ ከሆነ ፍሪ መኪናውን ትንሽ ራቅ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ፍሬን መርገጥ ከጀመራችሁ ግን ቁጠባው አለቀ።

ታዲያ ማርሽ ነዳጅ የሚቆጥበው የት ነው? ከፍ በማድረጉ ላይ ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ 3ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ይጠጋል። 5ኛ ላይ ከ2,000 በታች ይወርዳል። ፍጥነቱ ያው ነው፣ ሥራውም ያው ነው፤ ግን ሞተሩ በዞረ ቁጥር የራሱን ሰበቃ ለማሸነፍ የሚያቃጥለው ነዳጅ አለ። ለዚህ ነው በሜዳ መንገድ ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ባለው ውስጥ ማርሽ ጨምሩ የሚባለው።

«በሜዳ መንገድ» ያልኩት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል። የእንጦጦን ዳገት በ4ኛ ማርሽ ልውጣ ብሎ መታገል፣ መኪናው እየተንቀጠቀጠ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ መርገጥ ቁጠባ አይደለም፤ ሞተር መግደል ነው። ዳገት ላይ ቀድሞ ማርሽ መቀነስ፣ ሜዳው ሲመጣ ቶሎ መጨመር። ጆሮ ያለው ሰው የዙር መቁጠሪያ ሰዓት እንኳን አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ሲጮህም ሲያቃስትም ይሰማል።

«ማንዋል ይሻላል፣ ነዳጅ አይበላም» የሚለውም ወሬ ጊዜው አልፎበታል። ባለ 3 እና ባለ 4 ማርሽ የድሮ አውቶማቲኮች በእርግጥ ነዳጅ ያባክኑ ነበር። የአሁኖቹ 6፣ 8 ማርሽ አላቸው፣ ወይም ጭራሽ የማርሽ ደረጃ የሌላቸው ናቸው፤ ትክክለኛውን ዙር ከብዙ ሾፌር በተሻለ ይመርጣሉ። ማንዋል በራሱ አይቆጥብም። እድሉን ለሾፌሩ ይሰጠዋል፤ ይጠቀምበት አይጠቀምበት የሾፌሩ ነው።

እስቲ በብር እናስላው። በአፕ የሚሠራ አንድ ልጅ በቀን 10 ሊትር ይጨርሳል እንበል። በአነዳዱ ከ10 አንዱን ሊትር ቢያተርፍ በወር በ25 የሥራ ቀን 25 ሊትር ነው። ለስሌት እንዲመቸን ሊትሩን 120 ብር ብንይዘው 3,000 ብር ይሆናል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ፣ የቤት ኪራይ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ነው።

ከገንዘቡ በላይ ግን የሰው ነፍስ አለ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ፍሪ የለቀቀ ጭነት መኪና ክብደቱን ሁሉ በፍሬን ብቻ ይይዛል። ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ በኋላ ደግሞ መያዝ ይተዋል። ያኔ ማርሽ ላስገባ ቢባልም መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይገባም። ሁለት ብርጭቆ ነዳጅ ላድን ብሎ ስንት ሰው ይዞ ገደል?

መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ ተምረናል። መቼ እንደሚገባና ስንት ብር እንደሚያወጣ ግን ለስንቶቻችን ተነገረን? ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት አገር ይህ የማሠልጠኛዎች የመጀመሪያ ቀን ትምህርት መሆን ነበረበት። እስከዚያው ድረስ ቀጣዩን ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሹን አትንኩት። እግራችሁን ብቻ አንሱ።